ሱዶ ሳይሰጡ ፍላሽ ማስከፈት፦ ለላብ ተጠቃሚዎች የማውንት ፈቃድ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «20 ኮምፒውተር ያለው የተማሪዎች ላብ አለኝ። 19ኙ ዴቢያን 12 (ሊኑክስ) ናቸው፤ ማሽኖቹ አሮጌ ስለሆኑ ከኦፕንቦክስ (ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ) ሌላ ዴስክቶፕ አልጫንኩም። አንዱ ፍሪቢኤስዲ (ከሊኑክስ የተለየ ሲስተም) ነው። ተማሪዎች ፍላሽ ሲሰኩ ምንም አይመጣም። ‹ማውንት› (ዲስክን ከሲስተሙ ጋር አያይዞ የሚከፍተው ትእዛዝ) ብለው ሲጽፉ ደግሞ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) ካልሆናችሁ አይቻልም ይላቸዋል። ለጊዜው ያለ ፓስዋርድ ‹ሱዶ ማውንት› (ማውንትን በሩት ሥልጣን ማስኬድ) እንዲሉ ፈቅጄላቸዋለሁ። ችግር አለው? ትክክለኛው መንገድስ የትኛው ነው?»

አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው። የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ያንን መስመር የሱዶ ፈቃዶች ከሚዘረዘሩበት ከሱዶወርስ ፋይል ያውጡት። አሁን ባለው አሠራር እያንዳንዱ ተማሪ የ19ኙም ማሽን ሩት ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ተማሪው ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ራሱ ሩት ነው። ፍላሹን በኤክስት4 (በሊኑክስ የዲስክ አሠራር) ፎርማት አድርጎ የባሽን (የትእዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም) ቅጂ ያስቀምጥበታል፤ ባለቤቱን ሩት አድርጎ የኤስዩአይዲ ምልክት (ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርገውን) ይሰጠዋል። ላብ መጥቶ በሱዶ ማውንት ሲያደርገው ይህን ምልክት የሚያሰናክለውን «ኖስዩአይዲ» የሚባል አማራጭ ማንም አላስገባም፤ ስለዚህ ያንን ባሽ «-ፒ» ብሎ ሲያስነሳው ሩት ሆኖ ይነሳለታል። ፍላሽም ላያስፈልገው ይችላል። የራሱን ፎልደር በ«ባይንድ ማውንት» የሲስተሙ ማስተካከያዎች ባሉበት በኢቲሲ ፎልደር ላይ ቢደርበው ሲስተሙ የሚያነበው የእሱን የፓስዋርድ ፋይል ይሆናል። «ታዲያ ትእዛዙን በኮከብ ምልክት ልገድበው» ብለው ካሰቡም አይሠራም፤ ሱዶወርስ ውስጥ ከትእዛዝ በኋላ የሚመጣ ኮከብ ክፍት ቦታንም ያልፋል፣ ተማሪው የፈለገውን ተጨማሪ አማራጭ በመሃል ያስገባበታል።

ማውንት ማድረግ በውስጡ ሦስት ውሳኔ አለው፦ የትኛው ዕቃ፣ የት ላይ፣ በምን አማራጭ። ሦስቱንም ለተጠቃሚው የሰጠ ሩትን ሰጥቷል። ከዚህ በታች ያሉት መንገዶች የሚለያዩት ከሦስቱ የትኛውን ለተጠቃሚው ትተው የትኛውን ለራሳቸው እንደሚይዙ ነው፤ ሲመርጡም በዚህ ዓይን ይዩዋቸው። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።)

ለ19ኙ የዴቢያን ማሽኖች መፍትሔው ዩዲስክስ2 ነው። ትልልቆቹ ዴስክቶፖች፣ ግኖምም ኬዲኢም፣ ፍላሽ ሲሰካ የሚከፍቱት በእሱ በኩል ነው። እርስዎ ጋ ያልመጣው ኦፕንቦክስ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ስለማይመጣ ብቻ ነው። ዩዲስክስ በሩት ሥልጣን ከጀርባ የሚሠራ አገልግሎት ነው፤ ተጠቃሚው «ይህን ፍላሽ ክፈትልኝ» ብሎ ይጠይቀዋል፣ እሱም ፖልኪትን (የፈቃድ ሕጎችን የሚመለከተውን አገልግሎት) አማክሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ተጠቃሚው የሚመርጠው ዕቃውን ብቻ ነው። ቦታውን ዩዲስክስ ይወስናል፦ ዴቢያን ላይ «/ሚዲያ/የተጠቃሚው ስም/የፍላሹ ስም» ነው፣ መዳረሻውም ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ ክፍት ነው። አማራጮቹንም ከተፈቀደ ዝርዝር ውጭ አይቀበልም፤ «ኖስዩአይዲ» እና «ኖዴቭ» (ፍላሹ ላይ ያለ የዲቫይስ ፋይል እንዳይሠራ የሚያደርገው) ሁልጊዜ አሉ።

የሚጫኑት ጥቅሎች «ዩዲስክስ2»፣ «ፖልኪትዲ»፣ «ሊብፓም-ሲስተምዲ» እና «ዩዲስኪ» ናቸው። የመጨረሻው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፍላሽ ሲሰካ አይቶ ለዩዲስክስ ጥያቄውን ያቀርባል። በ«/ኢቲሲ/ኤክስዲጂ/ኦፕንቦክስ/አውቶስታርት» ፋይል መጨረሻ ላይ «ዩዲስኪ -ቲ» ብለው ከኋላው የ«&» ምልክቱን (አምፐርሳንዱን) ይጨምሩ፤ «-ቲ» ከታች ባለው የአይኮን ረድፍ ላይ ፍላሹን የሚያወጡበት ምልክት ያሳያል። የአይኮን ረድፍ የሌለው ማሽን ላይ «-ቲ»ን ይተዉት።

ከዚያ እንደ ተማሪ ገብተው ይፈትኑት። ፍላሹን ይሰኩ፣ «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ይበሉ፤ ዕቃው በየትኛው ስም እንደመጣ፣ ፎርማቱና ስሙ ምን እንደሆነ በአንድ ሠንጠረዥ ያሳያል። ኤስዲቢ1 ሆኖ ከመጣ «ዩዲስክስሲቲኤል ማውንት -ቢ /ዴቭ/ኤስዲቢ1» ብለው በእጅ ይሞክሩ። ከተሳካ የከፈተበትን ቦታ በአንድ መስመር ይነግርዎታል። ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) የሌለው ፍላሽም እንዳለ ግን ልብ ይበሉ፤ አንዳንዱ ያለ ፓርቲሽን ሠንጠረዥ ፎርማት ተደርጎ ስለሚመጣ ኤስዲቢ እንጂ ኤስዲቢ1 የለውም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚወድቅበትን ቦታ በደንብ እንየው። ፖልኪት ያለ ፓስዋርድ የሚፈቅደው ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ በሥራ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚያውቀው ማን ገብቶ እየሠራ እንደሆነ ከሚከታተለው ከሎጊንዲ ነው። ስለዚህ ኤክስን (የግራፊክስ ማያውን) ያስነሱበት መንገድ ሎጊንዲ የማያውቀው ከሆነ (በራስዎ በጻፉት የማስነሻ ስክሪፕት ከሩት ወደ ተማሪ ሲቀየር፣ ወይም ሊብፓም-ሲስተምዲ ሳይጫን) ተማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያለ ሲስተሙ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ማረጋገጫው «ሎጊንሲቲኤል ሾው-ሴሽን» ከሴሽኑ (አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ ያለው ቆይታ) ቁጥር ጋር ነው፤ በውጤቱ ውስጥ «ሲት» ከሚለው ፊት «ሲት0»፣ «አክቲቭ» ከሚለው ፊት «የስ» መኖር አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ የፖልኪት ሕግ መጻፍ አይጀምሩ፤ መስተካከል ያለበት የሎጊን መንገዱ ነው። ላይትዲኤምን የመሰለ የሎጊን ማያ ቢጭኑ ይህ በራሱ ይስተካከላል።

የስህተት መልእክቱም ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱም ብዙ ይናገራል። መጨረሻው «ኖትኦቶራይዝድ-ካን-ኦብቴን» የሚል ከሆነ «የአስተዳዳሪ ፓስዋርድ ቢቀርብ እፈቅድ ነበር፣ ግን የሚጠይቅልኝ መስኮት የለም» ማለቱ ነው፤ የጎደለው የሴሽን እውቅና ነው፣ ወይም ዕቃው እንደ ውስጥ ዲስክ ተቆጥሯል። ባዶውን «ኖትኦቶራይዝድ» ከሆነ ግን ሕጉ ራሱ ቁርጥ አድርጎ ከልክሏል፤ ያኔ «/ኢቲሲ/ፖልኪት-1/ሩልስ.ዲ» ውስጥ ማን ምን እንደጻፈ ይመልከቱ።

ሌላው የተለመደ ጠንቅ የዴቢያን ኢንስቶለር የሚተወው ነው። ሲስተሙ ከፍላሽ ላይ ከተጫነ ኤፍኤስታብ (የትኛው ዲስክ የት እንደሚከፈት የሚዘረዝረው ፋይል) ውስጥ ኤስዲቢ1ን «/ሚዲያ/ዩኤስቢ0» ላይ የሚያያይዝ መስመር ሊቀር ይችላል። ዩዲስክስ ኤፍኤስታብን ያከብራል፤ በኤስዲቢ1 ስም የመጣውን ማንኛውንም ፍላሽ በራሱ ደንብ ሳይሆን በዚያ መስመር ሊከፍተው ይሄዳል። ውጤቱ አንዳንድ ማሽን ላይ ብቻ፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ የፈቃድ ስህተት ነው። 19 ማሽን ከአንድ የመጫኛ ፍላሽ ከተጫኑ ሁሉንም ያረጋግጡ፤ መስመሩን ማጥፋት ብቻ ይበቃል።

በኤስኤስኤች ወይም በኤክስአርዲፒ ከርቀት የሚገባ ሰው ወንበር ላይ ስላልተቀመጠ ዩዲስክስ የሚጠይቅለት ሌላ ፈቃድ ነው፤ ስሙ «ፋይልሲስተም-ማውንት-አዘር-ሲት» በሚለው ያበቃል። ለመምህራን ካስፈለገ በሩልስ.ዲ ፎልደር ውስጥ በ«.ሩልስ» የሚያልቅ ፋይል ከፍተው «አድሩል» በሚለው ፈንክሽን የድርጊቱ ስም ይህ ሲሆንና ሰውዬው የመምህራን ግሩፕ አባል ሲሆን «የስ» እንዲመልስ ያድርጉ። ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ነው። የድሮዎቹ የ«.ፒኬኤልኤ» ፋይሎች ዴቢያን 12 ላይ ለብቻው የሚጫን ጥቅል ካልተጨመረ አይነበቡም፤ ከአሮጌ ሰነድ የተቀዳ ሕግ ምንም የማያደርገው ለዚህ ነው። ለተማሪዎች ግን ይህን አይክፈቱ። ከተከፈተ ሌላ ክፍል ያለ ተማሪ ጓደኛው የሰካውን ፍላሽ ከርቀት ማውንት ማድረግ ይችላል።

በፍለጋ የሚያገኟቸው ሦስት ምክሮች አሉ፤ ሦስቱንም አይከተሉ። ተማሪውን «ፕላግዴቭ» ግሩፕ ውስጥ ማስገባት የድሮ አሠራር ነው፣ ዩዲስክስ2 አይመለከተውም። «ዲስክ» ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ከሱዶው አይሻልም፤ የዚያ ግሩፕ አባል ሃርድ ዲስኩን በቀጥታ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል በ«ዲባግኤፍኤስ» የፓስዋርድ ፋይሉን አውጥቶ ያያል፣ ይቀይራልም። የማውንት ቦታውን «777» (ለሁሉም ሰው ክፍት) ማድረግ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፦ ፍላሹ ሲከፈት የፍላሹ የራሱ ሥር ፎልደር ፈቃድ ከላይ ይደረባል፣ ከሥር ያለው 777 አይታይም።

ኤፍኤስታብስ? ለማይታወቅ የተማሪ ፍላሽ አይመችም፣ ምክንያቱም ዕቃውን አስቀድሞ በስም መጥራት ይጠይቃል፤ ኤስዲቢ1 ብለው ቢጽፉ ዛሬ ፍላሽ፣ ነገ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ለሚታወቅ ዕቃ ግን፣ ለምሳሌ የትምህርት ቪዲዮ ለተጫነበት የላቡ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ከእሱ የሚሻል የለም፤ ሦስቱንም ውሳኔ አስተዳዳሪው ይይዛል። መስመሩ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

ዩዩአይዲ=(በኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ ያዩት የዲስኩ መለያ)  /ሚዲያ/ቪዲዮ  ቪፋት  ዩዘር፣ኖአውቶ፣ኖፌይል፣አርኦ፣ዩቲኤፍ8  0  0

በአማራጮቹ መካከል የሚገባው የላቲኑ ነጠላ ሰረዝ ነው፤ ከኋላውም ክፍት ቦታ አይኑር። «ዩዘር» ማለት ማንም ተጠቃሚ ይከፍተዋል፣ የሚዘጋው ግን የከፈተው ብቻ ነው። በብዙ ቁጥር «ዩዘርስ» ከሆነ ማንም ይዘጋዋል፤ ተማሪ በሚፈራረቅበት ላብ ይህ የተሻለ ነው። ሁለቱም ኖኤግዜክን (እዚያ ያለ ፕሮግራም በቀጥታ እንዳይነሳ የሚከለክለውን)፣ ኖስዩአይዲንና ኖዴቭን ይዘው ይመጣሉ፣ ከኋላቸው ኤግዜክ ብለው ካልጻፉ በቀር። ተማሪው ከዚያ በኋላ «ማውንት /ሚዲያ/ቪዲዮ» ብቻ ይላል። ሌላ ነገር ከጨመረ ይከለከላል።

ዩዲስክስ ኖኤግዜክን በራሱ አይጨምርም። ከፈለጉ «/ኢቲሲ/ዩዲስክስ2/ማውንት_ኦፕሽንስ.ኮንፍ» ውስጥ «ዲፎልትስ» በሚለው ክፍል ሥር «ዲፎልትስ=ኖኤግዜክ» ይጻፉ። ብዙ አይጠብቁበት፤ ስክሪፕትን «ባሽ» ብሎ ፋይሉን በመጥራት ማስኬድ አሁንም ይቻላል። ኖስዩአይዲ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰኔ 2025 በአውሮፓ አቆጣጠር ይፋ የሆነው ሲቪኢ-2025-6019 የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይህን በደንብ ያሳያል፦ ዩዲስክስ የሚጠቀምበት ሊብብሎክዴቭ የኤክስኤፍኤስ ዲስክን መጠን ሲቀይር ለአፍታ ያለ ኖስዩአይዲና ያለ ኖዴቭ ማውንት ያደርግ ነበር፤ ያቺ አፍታ ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ሩት ለመሆን በቃች። ማስተካከያው ወጥቷል፤ 19ኙ ማሽኖች የደኅንነት ማሻሻያ እየወሰዱ መሆኑን ያረጋግጡ።

ስለ ፎርማት ብዙ የምለው የለም። ፋት32 እና ኤክስፋት ያለ ችግር ይከፈታሉ፤ የዴቢያን 12 ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ኤክስፋትን በውስጡ ይዟል። ፋት32 ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት አይችልም፣ «ቦታ እያለ አልገባም» የሚሉ ተማሪዎች ምክንያታቸው ይህ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ዲስክ ለንባብ ብቻ ከተከፈተ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ተነቅሎ ነው፤ እዚያው ዊንዶውስ ላይ «ሪስታርት» ብሎ ማላቀቅ ነው። ኤክስት4 የሆነ ፍላሽ ደግሞ ባለቤትነትን በቁጥር ስለሚይዝ በሌላ ማሽን የተሠራው እርስዎ ጋ ላይጻፍ ይችላል።

ዊንዶውስ ላይ በሾርትካት ቫይረስ የተመታ ፍላሽ ይመጣልዎታል። ሊኑክስ የፋትን «የተደበቀ» ምልክት ስለማያከብር ተማሪው ጠፉ ያላቸው ፋይሎች ከሾርትካቶቹ ጎን ይታያሉ፤ አንዳንዴ ስሙ ባዶ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ናቸው። ፍላሹ ከመጥፋቱ በፊት እዚያው ኮፒ ይደረጉ።

የአማርኛ ፋይል ስም የራሱ ጉዳይ አለው። ዩዲስክስ የፋት ፍላሽን ሲከፍት ዩቲኤፍ8ን ራሱ ይጨምራል። በኤፍኤስታብ ሲሆን ግን እርስዎ መጻፍ አለብዎት፣ አለበለዚያ የከርነሉ አሠራር እንደሆነው ሆኖ የግዕዝ ፊደሎቹ በጥያቄ ምልክት ተተክተው ፋይሉ አልከፈት ሊል ይችላል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ነገር ደግሞ የርዝመት ልዩነት ነው። ፋት ስምን በዩቲኤፍ-16 ስለሚያስቀምጥ አንድ የፊደላችን ሆሄ አንድ ቦታ ይይዛል፣ እስከ 255 ሆሄም ይሄዳል። ኤክስት4 ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሚፈጅ 255 ባይት ማለት 85 ሆሄ ነው። ሙሉ የጥናት ርዕሱን የፋይል ስም ያደረገ ተማሪ ከፍላሽ ወደ ሆም ፎልደሩ ሲገለብጥ «ስሙ ረዝሟል» የሚባለው ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ በአራት ነጥብ ፈንታ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ሁለቴ የደገመ ስም ኤክስት4 ላይ ይቀመጣል፣ ፋት ላይ ግን አይገባም፤ የእኛው «።» እና «፡» ሲሆኑ ይገባሉ።

ከመክፈቱ ይልቅ ፋይል የሚያጠፋው መንቀሉ ነው። ሊኑክስ የተገለበጠውን መጀመሪያ ራም ላይ ይይዛል፤ መጠኑ በተለመደው አሠራር ነፃ ከሚሆነው ራም እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ኮፒው «100%» ካለ በኋላ ከ1 ጊጋባይት በላይ ገና ሳይጻፍ ሊኖር ይችላል፤ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ለሚጽፍ ርካሽ ፍላሽ ይህ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው። ተማሪው በዚያ መሃል ይነቅለዋል። ለላብ የማምንበት መፍትሔ በ«/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ውስጥ «ቪኤም.ደርቲ_ባክግራውንድ_ባይትስ»ን 16777216፣ «ቪኤም.ደርቲ_ባይትስ»ን 67108864 ማድረግ ነው። ያኔ ሳይጻፍ የሚቆየው 64 ሜጋባይት ገደማ ይሆንና የኮፒው መቶኛ ወደ እውነቱ ይጠጋል። «ሲንክ» የሚለውን የማውንት አማራጭ ግን አይጠቀሙ፤ የፋት ሠንጠረዡን በየጽሕፈቱ ስለሚደጋግም ፍላሹን በጣም ያዘገየዋል፣ ዕድሜውንም ይበላል።

ለማውጣት «ዩዲስክስሲቲኤል አንማውንት -ቢ» ከዕቃው ስም ጋር፣ ወይም በዩዲስኪ አይኮን። የጥንቱ ትእዛዝ ግን «ዩማውንት» ነው፣ መሃሉ ላይ «ን» የለውም፤ አዲስ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይደናቀፋል። «ታርጌት ኢዝ ቢዚ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ተርሚናሉ እዚያው ፍላሽ ፎልደር ውስጥ ቆሟል፤ «ፊውዘር -ቪኤም» ከማውንት ቦታው ጋር ማን እንደያዘው ይናገራል። «ዩማውንት -ኤል» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ስሙን ከፊት ያነሳል እንጂ ጽሕፈቱ ከኋላ ሊቀጥል ይችላል።

ፍሪቢኤስዲው ላይ ውሳኔዎቹ በሌላ መንገድ ይከፋፈላሉ፦ ተጠቃሚው ዕቃውንም ቦታውንም ይመርጣል፣ ግን ዕቃውን የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ሊኖረው፣ ቦታውም የራሱ ሊሆን ይገባል፤ ኖስዩአይዲን ከርነሉ በግድ ይጨምራል። መጀመሪያ «/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ኮንፍ» ውስጥ «ቪኤፍኤስ.ዩዘርማውንት=1» ይጻፉ። ቀጥሎ «/ኢቲሲ/ዴቭኤፍኤስ.ሩልስ» ውስጥ አንድ ክፍል ከፍተው (ስሙ ሎካልሩልስ፣ ቁጥሩ 10 ይሁን) በ«ዲኤ» የሚጀምሩ ዕቃዎች ሞዳቸው 0660 (ባለቤቱና ግሩፑ ብቻ የሚያነቡትና የሚጽፉት)፣ ግሩፓቸው «ዩኤስቢ» እንዲሆን ያዝዙ። ፍላሹ በስሙ የሚጠራ ከሆነ «ኤምኤስዶስኤፍኤስ» በሚለው ፎልደር ሥር ያሉትንም በሌላ መስመር ይጨምሩ። በ«አርሲ.ኮንፍ» ውስጥ «ዴቭኤፍኤስ_ሲስተም_ሩልሴት»ን ሎካልሩልስ አድርገው አገልግሎቱን እንደገና ያስነሱት።

ግሩፑን ራስዎ ይፍጠሩት። ብዙ መመሪያ ተማሪውን «ኦፐሬተር» ግሩፕ ውስጥ አስገቡት ይላል፤ ያ ግሩፕ ግን ፍሪቢኤስዲ ላይ የማሽኑን ዲስኮች ሁሉ በቀጥታ ማንበብ ይችላል፣ ማሽኑንም ያጠፋል። የማሽኑ የራሱ ዲስኮች በኤስኤኤስ ወይም በኤስሲኤስአይ የተያያዙ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ እነሱም ስማቸው ዲኤ0፣ ዲኤ1 እያለ ነው የሚሄደው። ያኔ ሕጉ ከዲኤ2 ወይም ከዚያ በላይ ካለው ቁጥር እንዲጀምር ያድርጉ። ሳታ የሆኑት «ኤዲኤ» ስለሚባሉ አይነኩም።

ተማሪው በሆሙ ውስጥ «ፍላሽ» የሚል ፎልደር በላቲን ፊደል ፈጥሮ «ማውንት_ኤምኤስዶስኤፍኤስ /ዴቭ/ዲኤ0ኤስ1» ብሎ ፎልደሩን ይጠራል። ፋይሎቹ የማውንት ፎልደሩን ባለቤት ስለሚይዙ የእሱ ሆነው ይታያሉ፤ ሲጨርስም ራሱ ዩማውንት ይላል። «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ካለው መጀመሪያ የፎልደሩን ባለቤት፣ ቀጥሎ ዩዘርማውንት 1 መሆኑን ይዩ። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ደግሞ የዴቭኤፍኤሱ ሕግ ዕቃው ላይ አልደረሰም፣ ወይም ተማሪው ወደ ግሩፑ ከገባ በኋላ ወጥቶ እንደገና ሎጊን አላደረገም።